በከርነሉ ውስጥ የተያዘች ቦታ

ውሃ በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ቧንቧውን ይረግማል፣ መሥሪያ ቤቱን ይረግማል፣ ሲብስበት የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ ሳይቀር ይረግማል። እምዬ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም ነው። እርግማኑ ዞሮ ዞሮ የት እንደሚያርፍ ያውቁታላ! ወደ ላይኛው ሰፈር ውሃ የሚገፉት ፓምፖች የሚታዘዙት ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ የዚያን ኮምፒውተር ከርነል፣ ማለትም ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረውን ዋና ፕሮግራም፣ የጻፈው ደግሞ የእምዬ ባል ነው። ባልየው ካረፈ ስንት ክረምት አለፈ፤ ሥራው ግን ሳይታክት ያገለግላል። እምዬ ይህን ነገር ጎረቤት ፊት ጉራ አድርገውት አያውቁም። ብቻ ጠዋት ጠዋት ሰው ባልዲውን ሲያስሞላ በመስኮት ያዩና «ቅዱ፣ ቅዱ! የማን እጅ እንደሆነ አታውቁ» ይላሉ፣ በሆዳቸው።

አሁን ግን ነገር ተበላሽቷል። በየቤቱ አዲስ የውሃ ቆጣሪ ከገባ ወዲህ ፓምፖቹ ሲሠሩ ይቆዩና ድንገት ቀጥ ይላሉ። ሰው ሄዶ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ካላስነሳው በቀር አይንቀሳቀሱም። ቢነሱም ለትንሽ ጊዜ ነው።

«ያ አሮጌ ኮምፒውተር ነው አሉ» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ በራቸው ላይ ቆማ። «የሆነ የጥንት ሰው ጽፎ የተወው ፕሮግራም ነው አሉ። ነቅለው ሊገላገሉት ነው።»

«የጥንት ሰው?» አሉ እምዬ። «ጥንት ማለት ላንቺ መቼ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ እምዬ፣ ያሉትን ነው ያልኩት።»

«ያሉትን ሁሉ እንዳወረደ የሚያወራ ሰው ወንፊት ነው። ነይ ግቢ፣ ከበርሜሉ ቅጂ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀድታ፣ አመስግና ሄደች። እምዬ ግን በዚያች ቃል ቀኑን ሙሉ እህል አልወርድ አላቸው። ነቅለው ሊገላገሉት! ሰውየውን ቀብረውት ሲያበቁ ሥራውን ደግሞ እንደ ጉቶ ሊነቅሉት! ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ የተጠረገውን ወለል ደግመው ጠረጉ። ጭንቀት ሲይዛቸው እጃቸው ሥራ ይፈጥራል።

የሚጠብቁት የልጅ ልጃቸውን ነው። ሚጡ ይሏታል፤ በቁመት በልጣቸው ሙሉ ሴት ሆና እንኳን ከሚጡነት አላመለጠችም። ፕሮግራም ጸሐፊ ናት፤ የምትሠራውም እዚያው ውሃ መሥሪያ ቤት፣ ከአያቷ ኮምፒውተር ጋር ነው። ቤቱ ለሥራዋ ስለሚቀርባት ከእምዬ ጋር ትኖራለች። እምዬ እንደሚሉት ከሆነ ደግሞ እሳቸው ባይኖሩ ይህች ልጅ በረሀብ ታልቅ ነበር።

በሩን ከፍታ ገና ሁለተኛ እግሯን ሳታስገባ፣ «እውነት ነው?» አሏት።

«ምኑ?»

«የአያትሽን ኮምፒውተር ሊነቅሉት ነው?»

ሚጡ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረች። «ይሄ ሰፈር ከኔ በፊት ነው የሚሰማው ማለት ነው።»

«እህ? ንገሪኛ!»

«ኃላፊው እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥቶኛል። እስከዚያ ለምን እንደሚቆም ካወቅኩና ካስተካከልኩት ይቆያል። ካልሆነ ኮምፒውተሩን ከነከርነሉ አንስተው ከውጭ የተገዛ ያስገባሉ።»

«እና ምን ብለው ነው የሚያነሱት?»

ሚጡ መልስ ሳትሰጥ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። እምዬ ይህን ዓይነት ዝምታ ያውቁታል፤ ከአያቷ የወረሰችው ነው።

«ምን ብለው ነው አልኩሽ አንቺ ልጅ!»

«ሪፖርቱ ላይ ‹የቀድሞው ከርነል ጉድለት› ይባላል። እንደዚያ ነው የሚጻፈው እምዬ። ስም አይጠራም።»

«ስም ባይጠራስ? ሌላ ማን ጻፈውና!» አሉ እምዬ፤ ቦርሳውን ገፋ አድርገው ተቀመጡ። «አንቺንስ? ዘመዷ ስለሆነ ሸፍናለት ነው ቢሉሽስ? ሥራሽንስ ቢያሳጡሽ? ኧረ ምን ጉድ ነው! በይ መጀመሪያ ብዪ። ባዶ ሆድ ምንም አያስብም።»

ከርነል ምን እንደሆነ እምዬ ካሁኑ ልጆች ቀድመው ያውቁታል። የፊደል ትምህርታቸው ከስምንተኛ አልዘለለም፤ ይህን ግን ባላቸው ነው ያስተማራቸው፣ ያውም በአንሶላ።

ያኔ ሁለቱም ወጣት ነበሩ። ባልየው በሥራ ቦታው «ዝምተኛው» ይባል ነበር፤ እውነትም እህል ካልቀረበለት አፉን የማይከፍት ሰው ነበር። እሑድ ዕለት ግን የታጠበው አንሶላ ሲደርቅ፣ እሳቸው ሁለቱን ጫፍ፣ እሱ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ግቢው ውስጥ ለማጠፍ ሲወጥሩት፣ ምላሱ ይፈታ ነበር።

«ይሄ ሙሉው ሜሞሪ ነው በይ» አላቸው አንድ ቀን፣ አንሶላውን እየወጠረ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የሥራ ቦታ በሙሉ። ከርነሉ ደግሞ አዳዩ ነው። ፕሮግራም ይመጣና ቦታ ስጠኝ ይለዋል።»

«ይሰጠዋላ ታዲያ።»

«ሙሉውን ከሰጠው ሌላው የት ይሥራ? ያጥፈዋል።» ወደ እሳቸው ተራመደና ጫፎቹን አጋጠሙ። «ግማሽ። ግማሹም ከበዛበት፣» ደግመው አጠፉት፣ «ሩብ። እንደ ሥራው መጠን ይሰጠዋል። ሲጨርስ ይመልሳል።»

«ሲመልስስ?»

«ሲመልስማ ይዘረጋል። ግን ልብ በይ፤ እያንዳንዷ እጥፋት መንታ አላት። ሩቧ የምትዘረጋው ሩብ መንታዋ ስትመለስ ነው፣ ግማሹም እንደዚያው። አንዲት ቁራጭ ሳትመለስ ከቀረች፣ ሌላው በሙሉ ባዶ ቢሆን እንኳን አንሶላው ሙሉ አይሆንም።»

እምዬ ያን ጊዜ ሳቃቸውን አልቻሉትም። «ይሄን ለማጠፍ ነው መሥሪያ ቤት የቀጠረህ? እኔንም ይቅጠሩኝ!»

እሱም ፈገግ አለ። ፈገግታው ከንፈሩ ጥግ ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ናት፤ ለማየት መቸኮል ያስፈልጋል። እምዬ ዛሬ ብቻቸውን አንሶላ ሲያጥፉ አንዱን ጫፍ በአገጫቸው ይይዙታል። ለአንድ ሰው የሚከብድ ሥራ ነው።

ያን ሳምንት ሚጡ እየከሳች መጣች። ጠዋት በጊዜ ትወጣለች፣ ማታ ደክማ ትገባለች። እምዬ መጠየቅ ይፈራሉ፣ አለመጠየቅም አይችሉም።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የሚቆምበትን ሰዓት አወቅኩት። ቆጣሪዎቹ ንባባቸውን የሚልኩ ጊዜ ነው። ንባቡን የሚቀበለው አዲሱ ፕሮግራም ትልቅ ቦታ ይጠይቃል፣ ያልተቆራረጠ፣ የሜሞሪውን ግማሽ። ከርነሉ ‹ቦታ የለም› ይለዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ቀጥ።»

«ቦታው እውነት የለም?»

«እሱ ነው የሚያሳብደኝ! አለ። ከግማሽ በላዩ ባዶ ነው። ግን የለም ይላል።»

እምዬ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። «አንዲት ቁራጭ አልተመለሰች ይሆናል።»

«አውቃለሁ እምዬ፣ እሱን እየፈለግኩ ነው» አለች ሚጡ፣ በስልቹ ድምፅ። ወዲያው ተጸጽታ መጣችና ትከሻቸውን አቀፈች። «የአያቴ ተማሪ እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ።»

ሐሙስ ቀን ሚጡ ከምሳ በኋላ ድንገት ቤት ገባች። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ሳትቀመጥ ቆመች። ፊቷ የደስታም የሐዘንም አይደለም።

«አገኘኋት» አለች።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»

«ቆዪ እምዬ፣ አትቸኩዪ።» ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። ረጃጅም መስመር ነው፤ ብዙው ባዶ፣ አልፎ አልፎ የተሞላ። «ይሄ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ባዶ መሆን ነበረበት። መሐሉ ላይ ግን ይህቺ ትንሽ ቦታ ተይዛለች። በሷ ምክንያት መንታዋ አይዘረጋም፣ ያኛውም በዚያኛው ምክንያት አይዘረጋም፣ እስከ ላይ ድረስ። እስከ ዛሬ ይሄን ያህል ትልቅ ቦታ የጠየቀ ፕሮግራም ስላልነበረ ማንም አላወቀም።»

«ታዲያ ልቀቂያታ!»

«የማን እንደሆነች ሳላውቅ? ከርነል ውስጥ ያለ ነገር እኮ ነው። አንድ ፕሮግራም እየሠራባት ከሆነና ከሥሩ ብነጥቀው ፓምፖቹ ውሃ ሳይኖር ሊዞሩ ይችላሉ፤ ይቃጠላሉ። ደግሞ ሳይታወቅ የቀረች ቁራጭ አይደለችም። ሆን ተብሎ ነው። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር፣ ገና ማንም ምንም ሳይጠይቅ፣ ከርነሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህቺን ቦታ መያዝ ነው። ለማን እንደያዛትም ምልክት አለባት። የማንም ፕሮግራም ምልክት ግን አይደለም። ሁለት ነጥብና አንድ ቅንፍ፣ ይኸው። ቀልድ ነው የሚመስለው።»

እምዬ መነጽራቸውን አጠለቁና ጠጋ አሉ። ሁለት ነጥብ፣ ከጎኑ ቅንፍ። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ። ሁለት ዓይንና አንድ የሚስቅ አፍ ሆነ።

ወንበሩን ሳያዩ ወደ ኋላ ተቀመጡ፤ እግዜር ሲያተርፋቸው ወንበሩ እዚያው ነበር።

«ሳቂታው» አሉ።

«ማነው ሳቂታው?»

ሳቂታው የዝምተኛው የሥራ ባልደረባ ነበር። ነፍስና ሥጋ ነበሩ፤ አንዱ የማያወራውን ሌላው ለሁለቱም የሚያወራ። እምዬ ለባላቸው ምሳ ይዘው የመሥሪያ ቤቱ ወርክሾፕ ሲሄዱ በሩ ላይ የሚቀበላቸው እሱ ነበር። «የኛ ሙሽራ መጣች! ዝምተኛው፣ ተነስ፣ ዛሬ እንኳን ‹እንዴት ዋልሽ› በላት!»

የወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ሰፊ ጣውላ ነበር፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀለም የተሣለበት። መዶሻው የሚሰቀልበት የመዶሻ ቅርጽ፣ ፒንሳው የሚሰቀልበት የፒንሳ ቅርጽ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ ክብ ቆርቆሮ ነበረው፣ የራሱ ምልክት የተቀረጸበት። መሣሪያ ያነሳ ሰው በቦታው ቆርቆሮውን ይሰቅላል፤ ሲመልስ ቆርቆሮውን ያነሳል። የሌላውን ቆርቆሮ ማንሳት ነውር ነው። ዝምተኛውም ከርነሉን ሲጽፍ ልማዱን ይዞት ገባ፤ ቦታ የወሰደ ምልክቱን ያስቀምጣል፣ የሚመልሰውም ራሱ ብቻ ነው። የሳቂታው ቆርቆሮ ላይ በምስማር የተመቱ ሁለት ዓይንና አንድ የሚስቅ አፍ ነበር።

ሳቂታው ታመመ። ሕመሙም አላቆየውም። ሲሞት ቆርቆሮው በአንዲት ትንሽ መፍቻ ቦታ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ መፍቻዋ የት እንደደረሰች ማንም አያውቅም። አዲስ መፍቻ ተገዝቶ መጣ፤ ግን ቆርቆሮውን የሚያነሳ እጅ ጠፋ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሳያውቅ እጁን ወደዚያ ሲሰድ ወርክሾፑ በሙሉ «ተይዟል!» ይለዋል። ጣውላው ከነግድግዳው እስኪፈርስ ድረስ ቆርቆሮው እዚያው ነበር።

እምዬ ይህን ሁሉ ለሚጡ ነገሯት። አንድ ነገር ግን አስቀሩ።

«እና ኮምፒውተሩ ላይ የሱ ፕሮግራም ነበረ?» አለች ሚጡ።

«ነበረ። የውሃ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ደወል የሚደውለውን እሱ ነው የጻፈው። ከሞተ በኋላ በሌላ ተተካ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ተተክቷል፤ አሁን የለም።» ሚጡ ቁልፎቹን መነካካት ጀመረች፣ ቆመች። «ስለዚህ አያቴ ፕሮግራሙን አንስቶ ቦታውን አልለቀቀም። የሞተ ጓደኛውን ቦታ ያዘለት። ከርነል ውስጥ!»

እምዬ በመስኮቱ ወደ ግቢው ያያሉ። የቀብሩ ዕለት ዝምተኛው ዓይኑ ደረቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ጫማውን እያየ ቆሞ ዋለ። በማግስቱም እንደማንኛውም ቀን ሥራ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሳቂታውን ስም እንኳን አንስቶ አያውቅም። እምዬ አንድ ምሽት ንዴት አሸንፏቸው «ድንጋይ ነህ! ለጓደኛህ እንኳን እንባ የለህ!» ብለውት ነበር። እሱ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ መብላቱን ቀጠለ። ያኔ የሚጠሉት መስሏቸው ነበር። ድንጋይ ያሉት ሰው ለካ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ባስነሳ ቁጥር መጀመሪያ ለጓደኛው ቦታ ሲይዝለት ኖሯል።

«እምዬ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። አቧራ ነው። ይሄ መስኮት…» መነጽራቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። ከዚያ የወትሮው ፍርሃት ተመልሶ መጣና ጉልበት ሰጣቸው። «ስሚኝ፣ አሁን የማንም እንዳልሆነች አወቅሽ አይደል? ነገ ሄደሽ ቀስ ብለሽ ልቀቂያት። ተስተካከለ በያቸው። ምክንያቱን አትንገሪያቸው።»

«እምዬ…»

«ምን አለበት? ውሃው መጣ፣ አበቃ! ለሞተ ሰው ሲል ውሃ አስቆመ እንዲሉት ነው? ይስቁበታል! አንቺንም ‹የዚያ እብድ የልጅ ልጅ› ይሉሻል።»

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትይኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እሱ ለሌላ ሰው ነው!»

ሚጡ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ወንበር ስባ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች። «ምክንያቱን ካልነገርኳቸው ኃላፊው አያምነኝም። ልክ ነው ደግሞ። እንዴት እንደተስተካከለ የማይታወቅ ነገር ነገ ተመልሶ ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ ይነቅሉታል፤ የሚጻፈውም ያው ‹ጉድለት› ነው። ብነግራቸው ቢያንስ ምን እንደነበረ ይታወቃል።»

«ቢነቅሉትስ?»

«ሊነቅሉትም ይችላሉ።»

እምዬ ብድግ አሉ። ሲመሽ እህሉን አሞቁ፣ አቀረቡ፣ አነሱ። ሚጡ ልትተኛ ስትነሳ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

«ሥራ ቦታ? ምን ልታደርጊ?»

«ምንም። እቀመጣለሁ። ብቻሽን አትሄጂም።»

እምዬ ስንት ዘመን ምሳ ያመላለሱበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተሩን ክፍል ረግጠውት አያውቁም። በልባቸው የሠሩት ክፍል ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራበት ነበር። ያገኙት ዝቅ ያለች ክፍል ናት፤ ግራጫ የብረት ሣጥን፣ የሚያጉረመርም ማራገቢያ፣ የወለሉ ፕላስቲክ ከወንበሩ ሥር ተበልቷል። እዚህ ነው ዕድሜውን የጨረሰው? ለደኅና ሰው የማይሆን ብርድ አለው። «ሹራብ አልለብስም ይለኝ ነበር እኮ» አሉ ለራሳቸው።

ኃላፊው የሸሚዙን እጅጌ የጠቀለለ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። እምዬን ሲያይ ብድግ አለ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት ከርነሉን የጻፉት ሰው ባለቤት? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።» ደግ ልጅ ይመስላል፤ እምዬ ግን አላመኑትም። ክፉ ነገር ከደግ ሰው አፍ ሲወጣ ነው የበለጠ የሚያመው።

ሚጡ መስመሩን አሳየችው፣ መንታዎቹ ለምን እንዳልተዘረጉ አስረዳችው። ሰውየው ፈጣን ነው፤ ገባው። ጣቱን ምልክቷ ላይ አሳረፈ።

«ይህቺስ የማን ናት?»

«የአንድ የሞተ ሠራተኛ ቦታ ናት። ጥቅም የላትም። ከርነሉን አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ሌላ እንዲህ ያለ የለም።»

«ማን ነው የያዘለት? ለምን?»

ሚጡ ወደ አያቷ አየች። ማራገቢያው ያጉረመርማል። እምዬ ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ። እንደመጡበት ሐሳብ ከሆነ ይህን ጊዜ መናገር የለባቸውም ነበር።

«ባለቤቴ ነው» አሉ። «ጓደኛው ሞተበት። ማልቀስ የማይችልበት ሰው ነበር። ሌላ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ የሚያውቀውን አደረገ፤ ቦታ ያዘለት። ጥፋቱ የሱ ነው። ውሃውን ያስቆመው እሱ ነው። ጻፉት። ግን ከጻፋችሁ አይቀር ለምን እንደሆነም ጻፉ። ‹ጉድለት› ብቻ ብላችሁ አትለፉት።»

ኃላፊው አልሳቀም። «እማማ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «በኮምፒውተር ውስጥ ስሜቱን ያስቀመጠ ሰው የጻፈውን ከርነል እንዴት አምኜ የሕዝብ ውሃ ልተውበት?»

«እሱን እኔ አልመልስልህም ልጄ። ይቺን ጠይቃት።»

«እኔ ማንንም እመኑ አልልም» አለች ሚጡ። «እንሞክረው። ቦታዋን የሚይዙትን መስመሮች አንስቼ ላስነሳው። ቆጣሪዎቹ ቀትር ላይ ንባብ ይልካሉ። ከቆመ እራሴ እነቅለዋለሁ።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ፣ ፓምፕ ቤት ደወለ፣ ውሃው ለጥቂት ጊዜ ከማጠራቀሚያው ብቻ እንዲሄድ አዘዘ። ከዚያ ለሚጡ ራሱን ነቀነቀላት።

ሚጡ መስመሮቹን አጠፋች። ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቁልፍ መጫን። ያን ጊዜ ነው እምዬ ወንበሩን ጭምቅ አድርገው የያዙት። ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ ማራገቢያው ዝም አለ፣ እንደገና ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ።

«ከዚህ በፊት መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ነበረች» አለች ሚጡ በቀስታ።

አሁን አልወጣችም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቦታዋ እንደማንኛውም ቦታ ባዶ ነው። እምዬ ሳቂታው ለሁለተኛ ጊዜ የተቀበረ መሰላቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ቁጥሮች ወረዱ፤ ትንሿ ከመንታዋ ተጋጠመች፣ እነሱም ከሚቀጥለው፣ እያደገ፣ እያደገ፣ ሁለተኛው ግማሽ ስንጥቅ የሌለበት አንድ ሆነ።

ፓምፖቹም እንደገና ተነሱ። ቀትር ደረሰ። ቆጣሪዎቹ ላኩ። አዲሱ ፕሮግራም ያን ትልቅ ቦታ ጠየቀ። ከርነሉ ሰጠው። ሠርቶ ሲጨርስ መለሰ። ሦስቱም ስክሪኑን ሲያዩ፣ ከወለሉ ሥር የፓምፖቹ ጉርምርምታ እንደቀጠለ ነው። ቆየ ብሎ ደግመው ላኩ። ደግሞ ሰጠ። ሌላ ሥራ ትቶ እዚያው ቆሞ የዋለው ኃላፊ መጨረሻ ላይ እጅጌውን ፈትቶ አወረደው።

«ይቆይ» አለ። «ፓምፖቹ ራሳቸው እስኪቀየሩ ድረስ ይቆይ። ሪፖርቱን ግን አንቺ ትጽፊዋለሽ፤ እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።» ከዚያ ወደ እምዬ ዞረ። «እማማ፣ የጓደኛቸውን ስም ማን እንበል?»

«እውነተኛ ስሙን ማንም አይጠራውም ነበር። ሳቂታው በሉት። ሳቂታው ሲባል የሚያውቀው ሁሉ ያውቀዋል።»

«የሚያውቀው ሰው እኮ አልቀረም እምዬ» አለች ሚጡ።

«እኔ አለሁ» አሉ እምዬ። «እንግዲህ አንቺም አለሽ።»

ወጥተው በረጅሙ ኮሪደር ሲሄዱ ሚጡ ክንዳቸውን ያዘች። እግራቸው ዛሬ ፈጥኗል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ነገ ሊያማቸው ነው፣ ይህንንም አስበው ተጨንቀዋል።

«እምዬ፣ ሳቁ ግን እንዴት ነበር?»

«የማን?»

«የሳቂታው ነዋ። ሳቂታው የተባለው በከንቱ ነው?»

«እንዴት ይነገራል! ሳቅ ይነገራል እንዴ?»

«አሳዪኛ።»

«እዚህ? በሰው መሥሪያ ቤት? ሂጂ ወዲያ!»

ትንሽ ሄዱ። ከዚያ እምዬ ቆሙ፣ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሞከሩ። ሳል ሆነባቸው። «አይደለም፣ እንዲህ አይደለም። ከሆዱ ነበር የሚጀምረው፣ ቀስ ብሎ፣ የተዘጋ በር የሚገፋ ሰው ይመስል…» ደግመው ሞከሩ። ይኼኛው ሊመጣ ሲል ተሰበረ። ሚጡ ሳቋን አፍና ትጠብቃለች። አንድ በር ተከፈተና የሆነ ሰው አንገቱን ብቅ አድርጎ አያቸው። እምዬ ግድ አልሰጣቸውም። እጃቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ስበው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆዳቸው ጀመሩ።